የጃክ ዘ ሪፐር ማስረጃ ሲመዘን፦ ከወሬው ወደ ወረቀቱ የሚያደርስ መመሪያ

ስልኬ ላይ በየጊዜው አንድ ቪዲዮ ብቅ ይላል። «ጃክ ዘ ሪፐር በመጨረሻ ታወቀ!» ይላል ርዕሱ። አንዱ ሐኪም ነበር ይለናል። ሌላው ልዑል ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ ከፖላንድ የመጣ ፀጉር አስተካካይ ያደርገዋል። ሁሉም «ማስረጃ አለኝ» ባይ ነው። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሳነብ አንድ ጥያቄ ለምጃለሁ። ይህ ማስረጃ በማን በማን እጅ አልፎ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው?

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1888 በምሥራቅ ለንደን፣ ዋይትቻፕል በሚባለው የድሆች ሰፈርና በአካባቢው፣ ሴቶች ጉሮሯቸው ተቆርጦ ተገኙ። አብዛኛው ተመራማሪ የአንድ ሰው ሥራ ነው የሚለው አምስት ግድያ ነው። ሜሪ አን ኒኮልስ ኦገስት 31፣ አኒ ቻፕማን ሴፕቴምበር 8፣ ኤልዛቤት ስትራይድና ካትሪን ኤድዶውስ በአንድ ሌሊት ሴፕቴምበር 30፣ ሜሪ ጄን ኬሊ ኖቬምበር 9 ተገደሉ። ገዳዩ አልተያዘም። ቀኖቹን በፈረንጆቹ፣ ሰዓቶቹን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

1. ደብተር አውጡና አራት ዓምድ አስምሩ

በስልክም ይሆናል። እኔ ግን ወረቀት ይሻለኛል። በመጀመሪያው ዓምድ «ማን አለ?» ብላችሁ ጻፉ። በሁለተኛው «መቼ አለ?» በሦስተኛው «ራሱ አየ ወይስ ከሰው ሰማ?» በአራተኛው «ጽሑፉ እስከ ዛሬ የት ቆየ?» አንድ ነገር ባነበባችሁ ቁጥር እነዚህን አራቱን ሙሉ። አንዱን መሙላት ካቃታችሁ ባዶውን ተዉት። ከጥቂት ቀን በኋላ ደብተሩን ስታዩት፣ ባዶ ቦታ የሚበዛባቸው ብዙውን ጊዜ በጣም የሚወሩት ታሪኮች ሆነው ታገኛላችሁ።

2. ምን ወረቀት ተረፈ?

የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ፋይሎች ዛሬ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ሙሉ አይደሉም። ብዙ ወረቀት ጠፍቷል፣ ተሰርቋል፣ ተጥሏል። ኤድዶውስ የተገደለችው ግን «ሲቲ» በሚባለው የከተማው እምብርት ክልል ውስጥ ነው። ያ ክልል የራሱ ፖሊስ አለው። የዚያ ፖሊስ መዛግብት አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ ወድመዋል።

ከፖሊስ ፋይል ሌላ ትልቁ ምንጭ የአሟሟት አጣሪ ችሎት ነው። በእንግሊዝ ሕግ ሰው በድንገት ወይም በሰው እጅ ሲሞት፣ ኮሮነር የሚባለው ዳኛ ምስክር ጠርቶ በመሐላ ይሰማል። ከአምስቱ ሴቶች መካከል የችሎቱ ዋና ወረቀት የተረፈው የኤድዶውስና የኬሊ ብቻ ነው። የሌሎቹን ምስክርነት የምናውቀው በጋዜጣ ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አምስት ጋዜጠኞች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው እየሰሙ ከጻፉና ከተስማሙ፣ ያ ጥሩ ነገር ነው። ታይምስንና ዴይሊ ቴሌግራፍን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። አንዱ የዘለለውን ሌላው ይዞት ይገኛል። ግን አሥር ጋዜጣ ከአንድ የዜና ወኪል የመጣ ቴሌግራም ካተመ፣ ያ አሥር ምስክር ሳይሆን አንድ ምስክር ነው። ቃላቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ምንጩም አንድ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

3. ምስክሮቹን እርስ በርሳቸው አጋጥሙ፦ የሀንበሪ ጎዳና ንጋት

ይህን ደረጃ በአንድ ምሳሌ ቀስ ብዬ ላሳይ። ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

አኒ ቻፕማን አስከሬኗ የተገኘው ሀንበሪ ጎዳና፣ ቁጥር 29 ጓሮ ውስጥ ነው። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ዶክተር ጆርጅ ባግስተር ፊሊፕስ 12:30 ላይ ደረሰ። አስከሬኑን አይቶ «ከሞተች ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሆኗታል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ» አለ። በዚህ ስሌት የሞተችው 10:30 ወይም ከዚያ በፊት ነው።

አሁን ምስክሮቹ ይመጣሉ። ጆን ሪቻርድሰን የሚባል ሰው እናቱ እዚያ ቤት ነበረች። ከሌሊቱ 10:45 ገደማ የምድር ቤቱ ቁልፍ እንዳልተሰበረ ሊያይ መጣ። የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጬ እግሬን ከሚጎዳኝ ቦት ጫማ ቁራጭ ቆዳ ቆረጥኩ አለ። አስከሬን ቢኖር እግሩ ሥር በሆነ ነበር። ምንም አላየሁም አለ።

አልበርት ካዶሽ የጎረቤቱ ቤት ነዋሪ ነው። 11:15 ገደማ ተነስቶ ጓሮ ወጣ። በአጥሩ ማዶ «ኖ» የሚል ድምፅ ሰማ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ነገር አጥሩ ላይ ሲወድቅ ሰማ። ወደ ሥራው ሲሄድ የስፒታልፊልድስ ቤተ ክርስቲያን ሰዓት 11:32 ይል ነበር።

ኤልዛቤት ሎንግ ደግሞ ወደ ገበያ ስታልፍ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ከቤቱ ፊት ለፊት ቆመው ሲያወሩ አየች። የቢራ ፋብሪካው ሰዓት 11 ተኩልን ሲደውል ሰምታለች። የወንዱን ፊት አላየችም። ሴትዮዋን ግን ከአራት ቀን በኋላ አስከሬን ክፍል ስታያት «እሷ ናት» አለች።

ማንን እናምናለን? አትቸኩሉ። እያንዳንዱን ለብቻው ፈትሹ።

ሪቻርድሰን ለኢንስፔክተር ቻንድለር በዚያው ጠዋት ሲያወራ በር ላይ ሆኖ እንዳየ ብቻ ተናገረ። ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጫማ ቆረጥኩ ያለው በኋላ ነው። በችሎቱ ቢላዋውን አምጣ ተባለ። አመጣው። ከዚያም ቢላዋው ስላልሳለ ገበያ ደርሶ ሌላ ተውሶ መጨረሱን ተናገረ። አንዳንዱ ይህን ሲያይ «ውሸታም» ይላል። እኔ እንዲያ አላየውም። ሰው በመንገድ ላይ ሲጠየቅ ጠቅለል አድርጎ ይናገራል፣ ችሎት ፊት ሲቆም ይዘረዝራል። ይሁን እንጂ ቃሉ ስለተለዋወጠ፣ ደብተሬ ላይ ከስሙ አጠገብ አንድ ምልክት አለ።

ካዶሽ ያየው ነገር የለም። የሰማው ብቻ ነው። ደግሞም የሎንግ 11 ተኩልና የካዶሽ ድምፅ አይገጣጠሙም። እሱ ድምፁን የሰማው ከ11:32 በፊት ነው። እሷ ግን ሴትዮዋን ከነሕይወቷ 11 ተኩል ላይ መንገድ ላይ አየኋት ትላለች። ከሁለቱ አንዱ ሰዓት ስቷል። ደወሉ የደወለው ሩብ ላይ ይሆን? ኮሮነሩ ዊን ባክስተርም ይህን ልዩነት አስተውሎታል።

ሐኪሙስ? በዚያ ዘመን የአስከሬን ሙቀት በእጅ ዳሰሳ ነበር የሚገመተው። ፊሊፕስ ራሱ ደግሞ ንጋቱ ቀዝቃዛ እንደነበረና ብዙ ደም እንደፈሰሰ ጠቅሶ ግምቱን አላልቷል። ይህን ያለው ሐኪሙ ነው። የኛ ዘመን ጸሐፊዎች ግን ብዙ ጊዜ ግምቱን ይወስዱና ማስጠንቀቂያውን ይጥሉታል።

እንግዲህ በአንድ ወገን ራሱ ያላላው ግምት አለ። በሌላ ወገን የማይተዋወቁ የሚመስሉ፣ ትንሽ ትንሽ እንከን ያለባቸው ሦስት ሰዎች አሉ። ሦስቱም ወደ ንጋቱ ያጋድላሉ። የኔ ሚዛን ወደ ምስክሮቹ ነው። ደብተሬ ላይ ግን «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። «ነው» አላልኩም።

4. ቃሉ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ ቁጠሩ

እስራኤል ሽዋርትዝ እንግሊዝኛ የማይችል የሀንጋሪ ስደተኛ ነው። ስትራይድ በተገደለችበት ሌሊት፣ 6:45 ገደማ፣ በርነር ጎዳና ላይ አንድ ሰው ሴት ሲገፈትር አየሁ አለ። አስከሬኗ የተገኘው 7 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ምስክርነት ወርቅ ነው።

ግን መንገዱን ተከተሉ። ሽዋርትዝ በቋንቋው ተናገረ። አስተርጓሚ ተረጎመው። ፖሊስ ጻፈው። ያ ወረቀት ዛሬ የለም። የቀረልን ዋና ኢንስፔክተር ዶናልድ ስዋንሰን በኦክቶበር 19 ያዘጋጀው ማጠቃለያ ነው። በሌላ በኩል ስታር የተባለው ጋዜጣ ሰውየውን አግኝቶ፣ እሱም በአስተርጓሚ፣ ኦክቶበር 1 ቀን ታሪኩን አተመ። በፖሊሱ ወረቀት ሁለተኛ ሰው ዳር ቆሞ ፒፓ ያቀጣጥላል። በጋዜጣው ያው ሰው ቢላዋ ይዟል።

ፒፓና ቢላዋ! አንዱ መንገደኛ ነው፣ ሌላው ግብረ አበር። አንድ ቃል በአስተርጓሚና በጋዜጠኛ እጅ ሲያልፍ ሰው እንዲህ ይለወጣል። እኔ የፖሊሱን አስቀድማለሁ። ፖሊስ ስለማይሳሳት አይደለም። ስታር ያኔ ገና በዚያው ዓመት የተከፈተ፣ ገበያ የሚፈልግ ጋዜጣ ስለነበረ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ከልክ በላይ የጠራ ምስክርነትን ተጠራጠሩ። ጆርጅ ሀቺንሰን የኬሊ ጉዳይ ችሎት ከተዘጋ በኋላ ኖቬምበር 12 ማታ ፖሊስ ጣቢያ መጣ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በጋዝ መብራት ያየውን ሰው ኮት፣ የአንገቱን ፀጉር፣ የወርቅ ሰንሰለቱን፣ የክራባት መርፌውን ሳይቀር ዘረዘረ። ኢንስፔክተር አበርላይን ያኔ አመነው። እኔ ግን «ለምን ሦስት ቀን ቆየ?» የሚለውን ጥያቄ ከደብተሬ አልሰረዝኩትም።

5. «አልነበረም» እና «አላየሁም» የተለያዩ ናቸው

ኤድዶውስ ከተገደለች በኋላ የሽርጧ ቁራጭ በደም ተነክሮ ጎልስተን ጎዳና ላይ፣ አንድ መግቢያ ውስጥ ተገኘ። ያገኘው ፖሊስ አልፍሬድ ሎንግ ነው፤ ሰዓቱ 8:55። ቁራጩ ከለበሰችው ሽርጥ ጋር ገጥሟል። በመላው ጉዳይ ውስጥ እንደዚህ የጠነከረ ቁሳዊ ማስረጃ ጥቂት ነው።

ሎንግ 8:20 ላይ እዚያው አልፎ ነበር። ያኔ ጨርቁ አልነበረም አለ። መርማሪ ዳንኤል ሀልስም በዚያው ሰዓት ገደማ አልፏል። እሱ ግን አላየሁም፣ ቢኖርም ላላየው እችል ነበር ዓይነት መልስ ሰጠ። የሀልስ መልስ ይጥመኛል። ጨለማ መግቢያ ውስጥ ያለ ጨርቅ ያለማየት ቀላል ነው። «ገዳዩ ግማሽ ሰዓት የት ቆየ?» የሚሉ ረጃጅም መላምቶች ሁሉ የተሠሩት በሎንግ «አልነበረም» ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ከጨርቁ በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ስለ አይሁዶች። የፖሊስ አዛዡ ሰር ቻርልስ ዋረን በአይሁድ ነዋሪዎች ላይ ጥቃት ይነሳል ብሎ ስለፈራ፣ ፎቶ ሳይነሳ አስጠፋው። የቀሩት የእጅ ቅጂዎች ናቸው። በዋረን ቅጂ አሉታው ወደ ዐረፍተ ነገሩ ኋላ ነው፣ በሀልስ ቅጂ ወደ ፊት መጥቷል። «አይሁዶች» የሚለው ቃል ፊደል አጻጻፉ ራሱ ችሎት ላይ አከራክሮ የሎንግ ማስታወሻ ደብተር እንዲመጣ ተደርጓል። ጽሑፉን ያዩት ፖሊሶች ናቸው፤ ያዩትም ያን ሌሊት ነው። እንዲያም ሆኖ አልተስማሙም። እንግዲህ በአንዲት ፊደል ላይ የምስጢር ማኅበር ታሪክ የሚገነባ ሰው በአሸዋ ላይ እየገነባ ነው። ጽሑፉን ገዳዩ ስለመጻፉም ማረጋገጫ የለም። የሚያያይዛቸው ከጨርቁ በላይ መገኘቱ ብቻ ነው።

6. ደብዳቤ ሲመጣ «ለማን ተላከ?» በሉ

«ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የመጣው ሴፕቴምበር 25 የሚል ቀን ካለው፣ በቀይ ቀለም ከተጻፈ ደብዳቤ ነው። የተላከው ለፖሊስ አልነበረም። ለሴንትራል ኒውስ፣ ዜና ለሚሸጥ ድርጅት ነው የተላከው። ተራ የሰፈር ሰው ስለ ዜና ወኪል አድራሻ ምን ያውቃል? ይህ ጥያቄ ያኔም ፖሊሶቹን ከንክኗቸዋል። የቀድሞው ዋና ኢንስፔክተር ሊትልቻይልድ በ1913 በጻፈው ደብዳቤ የዚያው ድርጅት ጋዜጠኛ ሥራ እንደሆነ በስኮትላንድ ያርድ ይታመን ነበር ብሏል። እርግጥ እሱም 25 ዓመት ቆይቶ ነው የጻፈው።

ደብዳቤው «ጆሮዋን እቆርጣለሁ» ይላል፤ የኤድዶውስ የጆሮ ጫፍ ተቆርጦ ነበር። ብዙዎች እዚህ ላይ ይረታሉ። ግን ፊቷ በሙሉ ተቆራርጦ ነበር። እልካለሁ የተባለው ጆሮም አልተላከም።

በኦክቶበር 16 ለአካባቢው ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር ለጆርጅ ለስክ ከግማሽ ኩላሊት ጋር የደረሰው ደብዳቤ ይለያል። በሪፐር ስም አልተፈረመም። እሱን ጠጋ ብዬ አየዋለሁ። ግን እዚህም «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያስፈልጋል። ጋዜጦች ኩላሊቱን ያየው ዶክተር ኦፕንሾ የ45 ዓመት ጠጪ ሴት ኩላሊት ነው እንዳለ ጻፉ። ሐኪሙ እንዲያ ማለቱን አስተባበለ። ያልተባለው ቃል ግን ዛሬም እንደ እውነት ይጠቀሳል።

7. የባለሥልጣን ቃል ከነሹመቱ አይመዘንም

ሜልቪል ማክናተን በፌብሩዋሪ 1894 በጻፈው ማስታወሻ ሦስት ተጠርጣሪ ጠቀሰ፦ ድሩዊት፣ ኮስሚንስኪ (ከፖላንድ የመጣው ፀጉር አስተካካይ) እና ኦስትሮግ። «ተጎጂዎቹ አምስት ናቸው፣ አምስት ብቻ» የሚለውም ከዚያው ነው። ማክናተን ትልቅ ሹም ነበር። ግን ፖሊስ የሆነው በ1889 ነው። በግድያዎቹ ጊዜ አልነበረም። ድሩዊትን «ሐኪም ነው ይባላል» አለ። ድሩዊት ጠበቃና መምህር ነበር። ሲሞት 31 ዓመቱ ሲሆን በሌላው የማስታወሻው ቅጂ ግን 41 ገደማ ሆኗል። ኦስትሮግ ደግሞ በግድያዎቹ ወቅት ፈረንሳይ እስር ቤት እንደነበር ኋላ በተገኘ ሰነድ ታወቀ። ከሦስቱ በሁለቱ ላይ እንዲህ ከሳተ፣ «አምስት ብቻ» የሚለውንም ከዚህ በኋላ እንደ ሕግ አትያዙት። ኦገስት 7 በ39 የስለት ውጋት የሞተችው ማርታ ታብራም በዚህ ቁጥር ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ የምትረሳው።

ስዋንሰንም እንዲሁ ነው። የአለቃው የሮበርት አንደርሰን የ1910 ትዝታ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ተጠርጣሪው ኮስሚንስኪ ነበር» ብሎ ጽፏል። ስዋንሰን ፋይሉን ያስተባበረ ሰው ስለሆነ ቃሉ ይከብዳል። ግን ሰውየው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ ይላል። አሮን ኮስሚንስኪ የገባው በ1891፣ የሞተው በ1919 ነው። ወይ ትዝታው ስቷል፣ ወይ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው።

8. ዕቃ ሲያሳዩአችሁ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ጠይቁ

በ2007 በጨረታ የተሸጠ አንድ የትከሻ ሻርፕ አለ። የኤድዶውስ ነበር ተባለ። በ2019 የታተመ ጥናት የዘር (ዲኤንኤ) ምርመራው ወደ ኮስሚንስኪ ይጠቁማል አለ። ዓለም ተንጫጫ።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ኤድዶውስ አስከሬን ክፍል ስትደርስ ፖሊስ የያዘችውን ሁሉ መዝግቧል። ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ትንሽ ሻይና ስኳር፣ ባዶ የክብሪት ቆርቆሮ፣ አንድ ቀይ ጓንት። ቤት የሌላት ሴት ቤቷን በኪሷ ተሸክማ ነበር የምትዞረው። ይህን ዝርዝር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ሻርፕ ግን እዚያ ውስጥ የለም። የተመረመረው ዘር ደግሞ በእናት በኩል የሚወረሰው ዓይነት ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው ሊጋራው ይችላል። ጨርቁን ከመቶ ዓመት በላይ ስንቱ እንደነካው ደግሞ አስቡ።

በ1992 ሊቨርፑል ብቅ ያለው፣ ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል፣ የጥጥ ነጋዴው የጄምስ ሜይብሪክ ነው የተባለ ማስታወሻም ያው ነው። የመጀመሪያ ገጾቹ ተቆርጠው ወጥተዋል። ያቺን ባዶ የክብሪት ቆርቆሮ በዝርዝሩ ቃል ይጠቅሳል፤ ዝርዝሩ ግን ለሕዝብ የታተመው በ1987 ነው።

9. ተጠርጣሪያችሁን ለማዳን ሞክሩ

ስም ከያዛችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጠበቃው ሁኑ። ልዑል አልበርት ቪክተር ሴፕቴምበር 30 ላይ ስኮትላንድ ነበር፤ የቤተ መንግሥት መዝገብ ያሳያል። ጆን ፓይዘር በጋዜጣ ጩኸት ታስሮ፣ ኒኮልስ በሞተችበት ሌሊት ስለ ወደብ ቃጠሎ ከአንድ ፖሊስ ጋር ሲያወራ እንደነበር ተረጋግጦ ተለቀቀ። ሐኪሞቹንም እንደዚሁ ፈትሹ። ዶክተር ቶማስ ቦንድ ገዳዩ የሥጋ ቆራጭ ያህል እንኳ ዕውቀት የለውም አለ። ግን ቦንድ ራሱ ያየው የኬሊን አስከሬን ነው። ስለ ሌሎቹ አራቱ የጻፈው የሌሎችን ማስታወሻ አንብቦ ነው።

10. ስለ ሴቶቹ የሚባለውንም በዚሁ ሚዛን

ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ስለ ገዳዩ የሚወራውን እንመረምራለን፣ ስለ ሟቾቹ የሚወራውን ግን እንዳለ እንውጣለን።

ስትራይድ ባሏና ልጆቿ በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም እንዳለቁባት ትናገር ነበር። የሞት መዝገቡ ግን ባሏ ጆን ስትራይድ በ1884 እንደሞተ ያሳያል። ይህን ሳይ «ዋሸች» ብዬ አላለፍኩም። እርዳታ ለማግኘት የሚያሳዝን ታሪክ በሚያስፈልግበት ከተማ የምትኖር ሴት ነበረች።

ስለ ኬሊ ደግሞ አየርላንድ ተወለደች፣ ወደ ዌልስ ሄደች፣ በወጣትነቷ አግብታ ባሏ በማዕድን ፍንዳታ ሞተ ይባላል። ደብተሬ ላይ እነዚህን አንድ በአንድ ጽፌ «ማን አለ?» የሚለውን ዓምድ ሞላሁ። ከላይ እስከ ታች ማለት ይቻላል አንድ ስም ነው፤ አብሯት የኖረው ጆሴፍ ባርኔት። ባርኔትም የሰማው ከእሷ ነው። የልደት መዝገብ ፍለጋው ስንት ዓመት ሙሉ ቢቀጥልም የሚያረጋግጥ ወረቀት አልተገኘም። ስለዚህ በአራተኛው ዓምድ፣ ከስሟ ትይዩ፣ ዛሬም ባዶ ነው።